የጋለ ብረት ማለስለሻዎች

ከ1100 እስከ 1250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የጋለ ብረት በመጭመቂያ ኃይል መልክ እንዲይዝ ሲደረግ፣ በእርሱና ቅርጽ በሚሰጠው ዳይ መካከል የሚገባው ማለስለሻ ፍትጊያን ከማቅለል በላይ፣ ሁለቱ ብረቶች ተጣብቀው እንዳይቀሩ የመለየትና ዳዩን ከግለቱ የመጋረድ ግዴታ አለበት። የማዕድን ዘይት ብቻውን በዚህ ስፍራ አይጸናም፤ በካርቦንና በሃይድሮጂን የተገነባው አካሉ ወዲያው ተቃጥሎ ጢስና ጥቀርሻ ይሆናልና። እንግዲህ የዚህ ሙያ ኬሚስትሪ ከሥሩ ሲመረመር፣ በአየሩ ካለው ኦክሲጅን ጋር የሚደረግ ተጋድሎ ሆኖ ይገኛል።

በቀጥቃጩ ፋብሪካ ሰፊውን ስፍራ የያዘው ግራፋይት ነው። የካርቦን አተሞቹ በየንጣፋቸው በጽኑ ማሠሪያ ተያይዘው ሳለ፣ ንጣፍን ከንጣፍ የሚያያይዘው ኃይል ግን ደካማ ስለሆነ፣ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። ይሁን እንጂ ልስላሴው ከራሱ ባሕርይ ብቻ የመነጨ አይደለም፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ ወደ ላይ ርቀው የሚበሩ አውሮፕላኖች የጄኔሬተራቸው የካርቦን ብሩሾች እየተፈጩ በቶሎ ባለቁ ጊዜ፣ ግራፋይት በገጹ ላይ የሚያርፍ የውኃ ተን እንደሚሻ ተገለጠ። ዛሬ በውኃ ተበጥብጦ፣ ከ150 እስከ 300 ዲግሪ በሞቀ ዳይ ላይ ይረጫል፤ ውኃው ሲተን ስስ ሽፋን ይቀራል። ከ500 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ አየር ቢያቃጥለውም፣ የምቱ ጊዜ እጅግ አጭር ስለሆነ፣ ተበልቶ ሳያልቅ ግዳጁን ይፈጽማል። ነቀፌታው ሠራተኛውንም መሣሪያውንም የሚያለብሰው ጥቁር አቧራ ነው።

ሞሊብዴነም ዳይሰልፋይድ በንጣፍነቱ ግራፋይትን ቢመስልም፣ በአየር ውስጥ በ400 ዲግሪ አካባቢ ወደ ኦክሳይድ ስለሚለወጥ ለጋለ ብረት ብዙ አይረባም። ነጩ ቦሮን ናይትራይድ እስከ 900 ዲግሪ ገደማ ይታገሣል፤ ዋጋው ግን ውድ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የመስተዋት መንገድ ነው። ከኦክሲጅን ጋር አስቀድሞ የተዋሐደ ነገር ዳግመኛ አይቃጠልምና፣ ዣክ ሴዦርኔ የተባለው ፈረንሳዊ በ1940ዎቹ፣ የጋለውን ብረት በጠባብ ቀዳዳ ገፍቶ ለማውጣት መስተዋትን ማለስለሻ አደረገው። ብረቱ በመስተዋት ዱቄት ላይ ይንከባለላል፤ በቀዳዳው ፊት ደግሞ የመስተዋት ክብ ንጣፍ ይቀመጣል፤ ይህም ከብረቱ ግለት ጥቂት በጥቂት እየቀለጠ አብሮ ይወጣል። ምሥጢሩ ከውሁዱ ነው፦ ሲሊካ መረቡን ይሠራል፤ ሶዳ መረቡን እየቆረጠ ያቀልጠዋል። ከመጠን በላይ ቢቀጥን ከመካከል ተጨምቆ ይወጣል፤ ከመጠን በላይ ቢወፍር የብረቱን ገጽ ያቆስላል። የማይዝጉ የብረት ቱቦዎችና ቲታኒየም በዚህ ሥርዓት ይሠራሉ።

ቦራክስና የፎስፌት ጨዎችም ስፌት በሌላቸው ቱቦዎች ሥራ ቀልጠው ያለሰልሳሉ፤ በተጨማሪም በብረቱ ላይ ያለውን የኦክሳይድ ቅርፊት ያሟሟሉ፤ ቀጥቃጭ ብረት ከብረት ሲያጋጥም ቦራክስ የሚነሰንሰው ስለዚሁ ነው።

መስተዋቱም ቢሆን ከሥራው በኋላ በብረቱ ላይ ደርቆ ስለሚቀር፣ ወይ በጠጠር ግርፋት ወይ ሥጋንና አጥንትን በሚጎዳው በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ መወገድ አለበት። ስለዚህ አዲስ ማለስለሻ የሚያቀርብ ኬሚስት ሁሉ፣ እንዴት እንደሚያለሰልስ ብቻ ሳይሆን፣ ማን በምን ዓይነት አደጋ እንደሚያጥበውም አስቀድሞ ሊመልስ ይገባዋል።