ለእግረኛ የተመቸ ሰፈርና የሰው ጤንነት

ለብዙ ዘመን የሰው ልጅ ዋና መጓጓዣ እግሩ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ውኃ ለመቅዳት፣ ገበያ ለመውጣትና ዘመድ ለመጠየቅ በእግሩ የሚመላለስ ሰው ሰውነቱን ለማጠንከር የተለየ ሰዓት መወሰን አያስፈልገውም ነበር። የከተማ ኑሮና የቢሮ ሥራ ግን ይህን ልማድ ከብዙዎቻችን ወስዶብናል። ጧት በመኪና ሄዶ፣ ቀኑን ሙሉ በወንበር ላይ ውሎ፣ ማታ በመኪና የሚመለስ ሠራተኛ ጉልበቱን ሳያደክም ጤናውን ይጎዳል።

ይህም በምርመራ የተረጋገጠ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ጄሬሚ ሞሪስ የተባሉ የብሪታንያ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር በለንደን አውቶቡስ ሠራተኞች ላይ ያደረጉትን ጥናት ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት አወጡ። በባለ ፎቁ አውቶቡስ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ቲኬት ቆራጮች፣ ተቀምጠው ከሚውሉት ሾፌሮች ይልቅ በልብ ሕመም የሚያዙት ጥቂቶች ሆነው ተገኙ። እየተዘዋወሩ ደብዳቤ የሚያድሉ የፖስታ ሠራተኞችም ከቢሮ ጸሐፊዎች የተሻለ ጤና ነበራቸው። ዛሬም የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ የሚራመድ ሰው ይህን ይፈጽማል። የደም ግፊቱ ይረጋጋል፤ እንቅልፉ ይሰምራል፤ የሐሳቡም ጭንቀት ይቀልለታል።

ታዲያ ጥቅሙ ይህን ያህል ከሆነ ሰው ስለ ምን አይራመድም? ብዙዎች ምክንያቱ ስንፍና ነው ይላሉ። ነገር ግን በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስም በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች አንዳንድ ጎዳናዎች ለጥቂት ሰዓታት ለመኪና በተዘጉ ጊዜ፣ ሕዝቡ ወጥቶ ሲራመድና ልጆች ሲጫወቱ ታይቷል። ምክንያቱ ስንፍና ብቻ ቢሆን ኖሮ ጎዳናው ባዶውን በዋለ ነበር። ስለዚህ ከሰውየው አስቀድሞ መንገዱን መመርመር ይገባል።

ለምሳሌ ያህል ከጋምቤላ ከተማ በስተ ደቡብ የምትገኘውን አቦቦን እንመልከት። አገሩ ቆላ፣ መሬቱም ሜዳ ነው። ዳገት ስለሌለበት ለእግረኛ የተመቸ ይመስላል። ሆኖም ዝናቡ ከመግባቱ በፊት፣ በየካቲትና በመጋቢት፣ ሙቀቱ እጅግ ይበረታል። በእንዲህ ያለው አገር የእግረኛ መንገድ የመጀመሪያ ፍላጎቱ ከአስፋልት ይልቅ ጥላ ነው። በመንገድ ዳር የቆመ የማንጎ ዛፍ ፍሬ ከመስጠቱም በላይ ሽማግሌውን እስከ ገበያ፣ ሕፃኑን እስከ ትምህርት ቤት ያደርሳል። መንገድ ሲሰፋ እንዲህ ያለው ዛፍ በአንድ ቀን ይቆረጣል፤ ምትኩ ግን ጥላ እስኪሰጥ ድረስ ብዙ ዓመት ይፈጃል።

ሁለተኛው የውኃ መውረጃ ቦይ ነው። በክረምት ውኃ የሚቋጥር መንገድ እግረኛውን ከደጁ ይመልሰዋል። ከዚህም በላይ የወባ ትንኝ ፀሐይ በሚያገኘው ትንሽ ኩሬ ውስጥ ትራባለች። ስለዚህ በደንብ የተቆፈረና በየጊዜው የሚጠረግ ቦይ እግረኛውንም ይረዳል፤ ወባንም ይቀንሳል። ትንኟ የምትናደፈው ከምሽት ጀምሮ ስለሆነ፣ በቆላ አገር ለመራመድ የሚመረጠው ሰዓት ማለዳ ነው።

ሦስተኛው ርቀት ነው። ቢሮው፣ ጤና ጣቢያው፣ ትምህርት ቤቱና ገበያው ተራርቀው ከተሠሩ፣ መኪና ያለው ይነዳል፤ የሌለው በፀሐይ ይንገላታል ወይም ይቀራል። ተቀራርበው ከተሠሩ ግን ሰው ጉዳዩን ሲፈጽም ጤናውን ይጠብቃል፤ በመንገድም ከጎረቤቱ ጋር ሰላምታ ይለዋወጣል። ይህም ብቸኝነትን የሚያስወግድ መድኃኒት ነው።

እንግዲህ የመንግሥት ሠራተኞች ሆይ፤ ነገሩ በሁለት በኩል ይመለከታችኋል። እንደ ሰው፣ ቅርብ ለሆነው ጉዳይ መኪናውን ትታችሁ በእግራችሁ መሄድ ትችላላችሁ። እንደ ሹም ደግሞ ለሕንፃ ቦታ ስትመርጡ፣ መንገድ ስታሰፉ፣ ዛፍ እንዲቆረጥ ስትፈቅዱ፣ በአንድ ፊርማ የብዙ ሺህ ሰው እርምጃ ትወስናላችሁ። «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለው የአበው ምክር ለአንድ ሰው እንደሚሠራ ሁሉ ለከተማም ይሠራል። በማደግ ላይ ያለች ከተማ ገና ሳትሠራ ለእግረኛ ብትታሰብ ወጪው ጥቂት ነው፤ ከተሠራች በኋላ ማፍረስና መጠገን ግን እጅግ ይከብዳል።