ላፕቶፑ አልነሣ አለ፤ ለመሆኑ የት ላይ ቆመ?
(አሮጌ ላፕቶፕ ላይ የተጫነ ሊኑክስ ሳይነሣ ሲቀር ችግሩን ደረጃ በደረጃ ስለ መፈለግ)

መግቢያ

በዲፓርትመንታችን "ሊኑክስ ጫንኩ፣ ግን አልነሣም አለኝ" የሚል ተማሪ የማይሰማበት ሴሚስተር የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሚሰጠው ምክርም ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ "በቃ ፎርማት አድርገውና እንደገና ጫነው" የሚል። እኔም ለሰው ስንት ጊዜ ይህን ምክር ሰጥቻለሁ። በራሴ ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ።

ባለፈው የቡና ወቅት ለእረፍት ወደ ኮንጋ ወረድኩ። ኮንጋ በጌዴኦ ዞን በይርጋጨፌ ወረዳ የምትገኝ፣ በቡናዋ ስሟ ከአገር ውጭ ሳይቀር የሚጠራ ቀበሌ ናት። አጎቴ እዚያ ከአርሶ አደሩ እሸት ቡና እየሰበሰበ ለማጠቢያ ጣቢያ ያስረክባል። ማን ስንት ኪሎ እንዳመጣ፣ ስንት እንደተከፈለውና ስንት እንደሚቀረው የሚመዘግበው ከውጭ በተላከለት አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ነው። እኔ ስደርስ ዊንዶውስ ኤክስፒው በቫይረስ ተመትቶ መግቢያው ላይ እየደረሰ ይጠፋል፣ ይነሣል፣ እንደገና ይጠፋል። "የኮምፒዩተር ተማሪ አይደለህ? አየው እስቲ" ተባልኩ። እኔም በኩራት ከዊንዶውሱ ጎን ሉቡንቱ 14.04 ጫንኩበት። መጫኑ ያለ ችግር አለቀ። ሪስታርት ሳደርገው ግን ጥቁር ስክሪን ላይ ሁለት መስመር እንግሊዝኛ ጽፎ ቀጥ አለ። አሁን ዊንዶውሱም አይነሣም፣ ሊኑክሱም አይነሣም። አክስቴ ከኋላዬ ቆማ "ልጄ፣ እዚያ ውስጥ ያለው የሰው ሂሳብ ነው፣ አደራ እንዳታጠፋው" አለችኝ። ክፍያው ለቅዳሜ ገበያ ተቀጥሯል።

በዚህች አጭር ጽሑፍ ያኔ የተማርኩትን ለማካፈል እሞክራለሁ።

መጀመሪያ መረጃውን ማውጣት

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አልነሣ ያለ ኮምፒዩተር ማለት መረጃው የጠፋ ኮምፒዩተር ማለት አይደለም። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ መነሣት ባይችልም ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለው ፋይል ባለበት ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ምንም ነገር ከመነካካት በፊት ከላይቭ ሲዲ ወይም ከላይቭ ፍላሽ አስነሥቶ ፋይሉን ወደ ሌላ ፍላሽ መገልበጥ ይገባል። የዊንዶውሱ ክፍልፍል በትክክል ሳይዘጋ ከቀረ ሊኑክስ ለመጻፍ አልከፍትም ሊል ይችላል፤ ለንባብ ብቻ ተብሎ ሲጠየቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይከፍታል። ለመገልበጥ ደግሞ ከንባብ በላይ አያስፈልግም።

እኔ ይህን ማድረግ የነበረብኝ ሊኑክሱን ከመጫኔ በፊት ነበር። አላደረግኩም። ደግነቱ ከተጫነ በኋላም አልረፈደም ነበር፤ ያንኑ ሲዲ መልሼ አስነሥቼ የአጎቴን መዝገብ ፍላሽ ላይ አወጣሁት። አክስቴ ፊት የኪሎውን ዝርዝር ከፍቼ ሳሳያት ነው ትንፋሼ የተመለሰው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ጥገና ብቻ ነው፣ ቢበላሽም የሚያስለቅስ አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ወይም ሲገለበጥ የማንበብ ስህተት ደጋግሞ ካወጣ፣ ዲስኩ ራሱ እየሞተ ሊሆን ስለሚችል ጥገና መሞከር አይገባም። እያንዳንዱ ሙከራ ዕድሜውን ያሳጥራል። የሚቻለውን ፈጥኖ ገልብጦ ዲስኩን መለወጥ ይሻላል።

ኮምፒዩተር ሲነሣ ምን ይሠራል?

የኮምፒዩተር አነሣስ ቅብብሎሽ ነው። ማጠቢያ ጣቢያ ላይ እሸቱ ሳይፈለፈል ወደ ገንዳ አይገባም፣ ሳይታጠብ ማድረቂያ አልጋ ላይ አይወጣም። እዚህም እንደዚያው ነው። በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ነው።

1ኛ. ባዮስ ይነሣል፤ ሜሞሪውንና ዲስኩን ይፈትሻል፣ ከየትኛው ዕቃ እንደሚነሣ ይወስናል።
2ኛ. ባዮስ የዲስኩን የመጀመሪያ ሴክተር ያነባል፤ እዚያ የግረብ የመጀመሪያ ቁራጭ ተቀምጧል።
3ኛ. ግረብ ቀሪ ፋይሎቹን ፈልጎ ምርጫውን ያሳያል።
4ኛ. ግረብ ከርነሉንና ጊዜያዊ ፋይል ሲስተሙን ወደ ሜሞሪ ይጭናል።
5ኛ. ከርነሉ ዋናውን ክፍልፍል ያገኛል፣ ይከፍታል።
6ኛ. አገልግሎቶች ይነሣሉ፣ በመጨረሻም ግራፊክሱ ይመጣል።

ስለዚህ "አልነሣም" ማለት ብቻውን ትርጉም የለውም። ትክክለኛው ጥያቄ "ከስድስቱ የቱ ላይ ቆመ?" የሚለው ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ ስክሪኑ ላይ የወጣውን ጽሑፍ ሳያነቡ ማጥፋት በሽታን መደበቅ ነው። ፍጥነቱ ካስቸገረ በሞባይል ፎቶ ማንሣት ይቻላል።

ምልክቶችና መንስኤያቸው

ባዮስ ላይ ከቆመ፦ ሲዲው ወይም ፍላሹ ጭራሽ ካልታየ ብዙ አሮጌ ላፕቶፖች ከዩኤስቢ መነሣት እንደማይችሉ ማስታወስ ያስፈልጋል። መፍትሔው ሲዲ መጠቀም፣ አለዚያም ፕሎፕ የተባለውን ትንሽ ማስነሻ በሲዲ አቃጥሎ በእሱ በኩል ወደ ፍላሹ መሻገር ነው። ሌላው የተለመደ ነገር የማዘርቦርዱ ትንሿ ባትሪ ማለቋ ነው። ቻርጀሩ በተነቀለ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ከተመለሰ ባዮሱ የማስነሻ ቅደም ተከተሉንም ረስቷል ማለት ነው። ቀኑ ወደ ኋላ ሲመለስ ሊኑክስም ዲስኩ "ወደፊት በሚመጣ ቀን" የተከፈተ መስሎት ሊያጉረመርም ይችላል። ባትሪዋን መለወጥ ሁለቱንም ያስቀራል።

ሲዲው ጀምሮ መሐል ላይ ከቆመ፦ ፋይሉ ሲወርድ ወይም ሲቃጠል ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። በእኛ አገር ኔትወርክ ሰባት መቶ ሜጋባይት ሲወርድ ስንት ጊዜ እንደሚቆራረጥ የታወቀ ነው። የወረደውን ፋይል የማረጋገጫ ቁጥር አዘጋጆቹ ካወጡት ጋር ማመሳከር የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሲዲውንም በዝቅተኛ ፍጥነት ማቃጠል ይመከራል። ሜሞሪው 512 ሜጋባይት ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ደግሞ የግራፊክስ መጫኛው ታንቆ ሊቀር ስለሚችል የጽሑፍ መጫኛውን መጠቀም ይሻላል።

ግረብ ላይ ከቆመ፦ "ግረብ ሬስክዩ" የሚል ጽሑፍ ከወጣ የመጀመሪያው ቁራጭ ተነሥቷል፣ ቀሪ ፋይሎቹን ግን አላገኘም ማለት ነው። ክፍልፍል ሲሰረዝ ወይም ቁጥሩ ሲለወጥ ይህ ይመጣል። ፍላሹ ሲሰካ የሚነሣ፣ ሲነቀል የማይነሣ ከሆነ ደግሞ ግረብ የተጫነው በስህተት ፍላሹ ላይ ነው። ለሁለቱም መፍትሔው ከላይቭ አስነሥቶ፣ የተጫነውን ክፍልፍል ከፍቶ፣ በቻሩት ወደ ውስጡ ገብቶ ግረብን ዋናው ዲስክ ላይ እንደገና መጫን ነው። ልብ ይሏል፣ የሚጫነው በጠቅላላው ዲስክ ላይ እንጂ በአንዱ ክፍልፍል ላይ አይደለም።

አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ትልቅ አዲስ ዲስክ ሲገጠም የሚመጣ ችግርም አለ። የቆዩ ባዮሶች አድራሻ የሚቆጥሩት በ28 ቢት ስለሆነ ከ137 ጊጋባይት በላይ ያለውን የዲስክ ክፍል አያዩም። ከርነሉ ከዚያ ወዲያ ከተቀመጠ ግረብ ሊደርስበት አይችልም። ሲጫን በዲስኩ መጀመሪያ ላይ ለማስነሻ ፋይሎች ብቻ ትንሽ ክፍልፍል መለየት ችግሩን ይፈታዋል።

ዋናውን ክፍልፍል መክፈት ላይ ከቆመ፦ እኛ ጋ ዋናው መንስኤ መብራት ነው። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ማለት ዴስክቶፕ ማለት ነው፤ መብራት ሲሄድ በጽሑፍ መሐል ይቆረጣል። ፋይል ሲስተሙ ከተዛባ ከላይቭ አስነሥቶ ኤፍ.ኤስ.ሲ.ኬ. በሚባለው ትዕዛዝ መፈተሽና መጠገን ይቻላል። ክፍልፍሉ ግን በዚያ ሰዓት ክፍት መሆን የለበትም። ክፍት ክፍልፍል ላይ ማስኬድ ጉዳቱን ያብሳል።

ግራፊክስ ላይ ከቆመ፦ ስክሪኑ ጠቁሮ የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ሲስተሙ ተነሥቷል፣ የማይታየው ስክሪኑ ብቻ ነው። ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ 2 አንድ ላይ ሲጫኑ የጽሑፍ መግቢያ ከመጣ ይህ ተረጋገጠ። ከግረብ ላይ "ኖሞድሴት" የሚለውን ቃል ጨምሮ ማስነሣት ብዙ ጊዜ ይሠራል።

የኮንጋው ላፕቶፕ ምን ነበረበት?

የኛው ላፕቶፕ የቆመው አራተኛው ደረጃ ላይ ነው። ግረብ ምርጫውን አሳይቷል፣ ሊኑክሱን ስመርጥ ግን ከርነሉ "ሲፒዩው ፒ.ኤ.ኢ. የለውም፣ ልነሣ አልችልም" የሚል መልእክት አወጣ። በንዴት ሦስት ጊዜ አጥፍቼ አብርቼዋለሁ፤ በአራተኛው ነው በሥርዓት ያነበብኩት።

ፒ.ኤ.ኢ. ምንድን ነው? የ32 ቢት ፕሮሰሰር በተለመደው አሠራር የሚደርሰው እስከ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ድረስ ነው። ፒ.ኤ.ኢ. አድራሻውን ወደ 36 ቢት አስፍቶ እስከ 64 ጊጋባይት እንዲደርስ ያደርጋል። እንደ እ.ኤ.አ. በ1995 ከወጣው ፔንቲየም ፕሮ ጀምሮ የነበረ ነገር ነው። "ታዲያ 512 ሜጋባይት ላለው ላፕቶፕ ምን ያደርግለታል?" ሊባል ይችላል። መልሱ ደኅንነት ነው፤ መረጃ ብቻ በሚቀመጥበት የሜሞሪ ክፍል ውስጥ ፕሮግራም እንዳይሮጥ የሚከለክለው ጥበቃ በ32 ቢት ላይ የሚሠራው ከፒ.ኤ.ኢ. ጋር ብቻ ነው። በዚህም በዚያም ኡቡንቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው 12.10 ጀምሮ ያለ ፒ.ኤ.ኢ. የሚሠራውን ከርነል ተወ።

የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ፔንቲየም ኤም ፒ.ኤ.ኢ. አለው። ግን የመጀመሪያዎቹ፣ ባለ 400 ሜጋኸርዝ ባስ የሆኑት፣ ከርነሉ ሲጠይቃቸው "አለኝ" ብለው አይመልሱም። ችሎታው አላቸው፣ መታወቂያቸው ላይ አልተጻፈላቸውም እንደ ማለት ነው። ስለዚህ 14.04 ላይ "ፎርስ ፒ.ኤ.ኢ." የሚል ቃል ተጨመረ (በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ሁለቱም ተያይዘው ይጻፋሉ)፤ ትርጉሙም "ባይነግርህም አለው፣ ቀጥል" ነው።

እኔ ሲዲውን ሳስነሣ ይህን ቃል አንድ ሰው ነግሮኝ ጽፌዋለሁ፤ ለዚህ ነው መጫኑ ያለቀው። ታዲያ ለምን ከተጫነ በኋላ እምቢ አለ? በሲዲው ማስነሻ መስመር ላይ ሁለት ጭረቶች አሉ። ከጭረቶቹ በፊት የተጻፈው ለሲዲው ብቻ ያገለግላል፤ ከጭረቶቹ በኋላ የተጻፈው ግን ወደሚጫነው ሲስተም ይገለበጣል። ቃሉ ሁለቴ፣ በፊትም በኋላም መጻፍ ነበረበት። እኔ አንዴ ብቻ ጻፍኩ። ችግሩ ሁሉ ይቺው ናት።

ጥገናውም እንዲሁ አጭር ነበር። የግረብ ምርጫ ላይ እያለ የእንግሊዝኛዋን "ኢ" መጫን፣ "ሊኑክስ" ብሎ በሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ ያንን ቃል መጨመር፣ ከዚያ ኮንትሮልና ኤክስ መጫን። ተነሣ! ነገር ግን ይህ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቋሚ ለማድረግ በኢ.ቲ.ሲ. ማኅደር፣ ዲፎልት ውስጥ ባለው "ግረብ" በተባለ ፋይል ላይ የከርነል ትዕዛዝ መስመሩ ውስጥ ቃሉን ጽፎ "አፕዴት-ግረብ" የሚለውን ትዕዛዝ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ማስኬድ ያስፈልጋል። ይህን የማያደርግ ሰው ነገ ጠዋት ያው ጥቁር ስክሪን ይጠብቀዋል።

ዛሬ ምን ይጫን?

ሉቡንቱ 14.04ን የተጠቀምኩት እጄ ላይ የነበረው ሲዲ እሱ ስለሆነ ነው፤ ድጋፉ ካበቃ ቆይቷል፣ ኢንተርኔት ለሚገባ ማሽንም አልመክረውም። ሉቡንቱና ዙቡንቱ ለ32 ቢት የወጡት እስከ 18.10 ድረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ዴቢያን 12 የ32 ቢት መጫኛ ያለው ሲሆን ያለ ፒ.ኤ.ኢ. የሚሠራ ከርነልም አለው፤ በ2025 የወጣው ዴቢያን 13 ግን የ32 ቢት መጫኛውን አስቀርቷል። አንድ ላፕቶፕ አሮጌ ስለሆነ ብቻ 32 ቢት ነው ማለትም አይደለም፤ መጀመሪያ ፕሮሰሰሩን መለየት ይገባል። 32 ቢት ማሽን ላይ የ64 ቢት ሲዲ ከገባ ከርነሉ ራሱ ይህን ጽፎ ይቆማልና እሱንም ማንበብ ነው።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ባጭሩ፦ መጀመሪያ መረጃውን ማውጣት፣ ቀጥሎ የት ላይ እንደቆመ መለየት፣ የወጣውን ጽሑፍ ማንበብ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፣ የተለወጠውንም ወረቀት ላይ መጻፍ። ፎርማት የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው ምክር መሆን የለበትም፤ በእኔ ሁኔታ ፎርማት ባደርገውና ያንኑ ሲዲ በዚያው መንገድ ብደግመው ኖሮ የሰፈሩን ሂሳብ አጥፍቼ ያው ስህተት ላይ በቆምኩ ነበር።

ቅዳሜ ክፍያው በሰዓቱ ተፈጸመ። አጎቴ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከላፕቶፑ ጎን ደብተር ማስቀመጥ ጀምሯል። "አላመንከኝም እንዴ?" ብዬ ብጠይቀው፣ "አንተንስ አምኜሃለሁ፣ መብራቱን ነው ያላመንኩት" አለኝ። ለእኛም ለዲፓርትመንቱ ተማሪዎች የሚበጀን ልማድ ይኸው ይመስለኛል።