ያለቀ ጫማ በረጅም መንገድ

ጫማ የእግር ጠባቂ መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ያለቀ ጫማ ግን ጎጂ እንደሚሆን የሚያስተውለው ጥቂት ነው። በአሜሪካ አገር የሚገኘው የአፓላችያን የእግር መንገድ ርዝመቱ 3,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እስከ 800 ኪሎ ሜትር በሚያገለግል ቀላል ጫማ የሚጓዝ ሰው፣ ከዳር እስኪደርስ ቢያንስ አምስት ጥንድ ያስፈልገዋል።

ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚደክመው ላይኛው ቆዳ ሳይሆን ከውስጥ ያለው ለስላሳ ንጣፍ ነው። እርሱ ሲሳሳ ተረከዝና ጉልበት ይታመማሉ። የሶሉ ጥርስ ሲያልቅ ጫማው ያንሸራትታል፤ የተቀደደ ገበር ደግሞ ቆዳን ልጦ ለቁስል በር ይከፍታል። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ቁስሉ ሳይሰማው ሊያመረቅዝበት ስለሚችል አብልጦ ይጠንቀቅ።

ስለዚህ ጫማችንን በጠረጴዛ ላይ አቁመን ከበስተኋላው እንመልከት። ወደ አንድ ወገን ካዘመመ ወይም ንጣፉ ከሞተ እንለውጠው፤ ሶሉ ብቻ ካለቀ ግን ብዙውን የቆዳ ጫማ ጫማ ሰፊ ያድሰዋል። አዲሱንም ጫማ አስቀድመን በአጭር መንገድ እናለማምደው። ማታ ማታ እግራችንን በሳሙና ታጥበን በጣቶቻችን መካከል እናድርቅ። መምህራንም ይህን ለተማሪዎቻቸው እንዲያስረዱ እናሳስባለን።