ታይሮይድ ሲደክም ክብደት ለምን አልቀንስ ይላል?

በዚህ ወር አምዳችን የምናነሳው ብዙ እህቶች፣ አልፎ አልፎም ወንድሞች፣ በመድኃኒት ቤት መስኮት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጠይቁትን ጥያቄ ነው። «የታይሮይድ ኪኒን ከጀመርኩ ወራት አለፉ፤ ውፍረቴ ግን አልቀነሰም። ለምንድን ነው?» ይላሉ።

ድምፅ ዝቅ የሚደረግበት ምክንያት አለው። በእኛ በመቄትም ሆነ በላስታ ሴት ስትወፍር ጎረቤት የሚለው «ደላት» ነው። ደላት የተባለችው እናት ግን እንቅልፍ የማይጠግባት፣ ሊጥ ለማቡካት ጉልበት ያጣች፣ ፀጉሯ በማበጠሪያ የሚቀር፣ ሆዷ ለቀናት የሚደርቅባት ታማሚ ልትሆን ትችላለች። ሌላም ችግር አለ። ፍላቂት ደጋ ነውና ብርዱ ሁሉንም ይነካል፤ «ይበርደኛል» ያለችውን ሴት ማንም ልብ አይላትም። ሰው ሁሉ ጋቢውን አውልቆ እሷ ብቻ በቀትር ፀሐይ ተከናንባ የምትቀመጥ ከሆነ ግን ብርዱ የአየሩ ብቻ ላይሆን ይችላል።

ታይሮይድ በአንገታችን ፊት ለፊት፣ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ የሚገኝ የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው ዕጢ ነው። የሚያመነጨው ሆርሞን ሰውነት የበላውን ወደ ጉልበትና ሙቀት የሚለውጥበትን ፍጥነት ይወስናል። ሆርሞኑ ሲያንስ ሁሉም ነገር ቀስ ይላል። ልብ ዝግ ብሎ ይመታል፣ አንጀት ይሰንፋል፣ ቆዳ ይደርቃል፣ ድምፅ ይጎረንናል፣ ፊት ያባብጣል፣ የወር አበባ ይበዛል ወይም ይዛባል፣ መርሳትና መተከዝ ይመጣል። መውለድ ፈልጋ የዘገየባት ወይም በተደጋጋሚ ያስወረዳት እህትም ይህ ዕጢ ሊመረመርላት ይገባል። ሰዎች በቀላሉ የሚያዩት ግን ውፍረቱን ብቻ ነው።

ችግሩ ከደጋው ሕዝብ ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። ታይሮይድ ሆርሞኑን የሚሠራው ከአዮዲን ነው፤ ተራራማ አገር ላይ ደግሞ ዝናብና ጎርፍ አዮዲኑን ከአፈሩ አጥቦ ይወስደዋል። አያቶቻችን አንገታቸው ላይ የተነቀሱት ንቅሳት ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ እንቅርትን ይከላከላል ተብሎ ይታመን ነበር። ከአፋር ተነሥቶ በሰቆጣ ገበያ በኩል ይመጣ የነበረው አሞሌ ጨው አዮዲን አይጨመርበትም ነበር። በኋላ አዮዲን ያለው ጨው በኤርትራ ወደቦች በኩል መግባት ጀምሮ ነበር፤ በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ መንገዱ ተዘጋ፤ አገሪቱም ወደ አፍዴራ ጨው ዞረች። ይህም ለዓመታት አዮዲን ሳይጨመርበት ተሸጠ። በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ ቁጥር 204 አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከ100 ቤት በ15ቱ ነበር፤ በ2016 ግን በ89ኙ ተገኝቷል። ትልቅ ለውጥ ነው። ይሁን እንጂ አዮዲን አለው ማለት በቂ አለው ማለት አይደለም፤ ብርሃን፣ ሙቀትና እርጥበት ያጠፉታል። ጨዉን ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከምድጃው ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩት።

እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ። እንቅርት ያለበት ሁሉ ታይሮይዱ ደክሟል ማለት አይደለም። ብዙው እንቅርት ሆርሞኑ ልክ ነው፤ በአንዳንዱም ሆርሞኑ ከመጠን በላይ ሆኖ ሰውየው ይከሳል፣ ልቡ ይመታበታል። በሌላ በኩል አንገቱ ላይ ምንም የማይታይበት ሰው ታይሮይዱ ሊደክም ይችላል። የሰውነት መከላከያ በስህተት የራሱን ዕጢ ሲያጠቃው የሚመጣ ነው፤ በ1912 እ.ኤ.አ. በገለጸው ጃፓናዊ ሐኪም ስም ሐሺሞቶ ይባላል። እንቅርቷን በቀዶ ጥገና ያስወጣች እናትም ዕጢው ከተወሰደ ኪኒኑ የዕድሜ ልክ ነው። የደከመ ታይሮይድ ያለበት ሰው «አዮዲን ይጠቅመኛል» ብሎ ጨው ቢያበዛ ግፊቱን ከፍ ከማድረግ በቀር የሚያተርፈው የለም። ከውጭ የሚላኩ የባሕር አረም እንክብሎች ደግሞ አዮዲናቸው ከልክ ስለሚያልፍ ሐሺሞቶን ሊያባብሱ ይችላሉ።

ስለዚህ በመልክ ፍርድ የለም፤ የሚያውቀው ደም ነው። ምርመራው ቲ.ኤስ.ኤች ይባላል። ይህ አንጎል ሥር ያለ ሌላ ዕጢ ታይሮይድን «ሥራ!» እያለ የሚጣራበት ሆርሞን ነው፤ ታይሮይድ ሲሰንፍ ጥሪው ይበዛል፣ ቁጥሩም ይጨምራል። በጤና ጣቢያ ደረጃ ብዙውን ጊዜ አይሠራምና ከፍላቂት የሚነሣ ሰው በጋሸና አድርጎ ወልድያ፣ ካልሆነም ደሴ ሪፈር ይጻፍለታል። ለፀጉር ተብሎ ባዮቲን የሚባለውን ቫይታሚን የምትወስዱ ካላችሁ ከምርመራው ቢያንስ 2 ቀን በፊት አቁሙት፤ ውጤቱን ያሳስታል።

አሁን ወደ ክብደቱ እንመለስ። የአሜሪካ ታይሮይድ ማኅበር ለሕሙማን በሚሰጠው ማብራሪያ መሠረት የታይሮይድ መድከም በራሱ የሚያመጣው ጭማሪ ከ2 ኪሎ ተኩል እስከ 4 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው፤ ከዚህም አብዛኛው ስብ ሳይሆን በሰውነት ውስጥ የተጠራቀመ ውኃና ጨው ነው። ኪኒኑ መሥራት ሲጀምር የሚወርደውም ይኸው ነው፤ ፊት ይሟሽሻል፣ ቀለበት ይሰፋል። 15 ወይም 20 ኪሎ የጨመረ ሰው ግን ቀሪውን በታይሮይድ ላይ ብቻ ማላከክ አይችልም። ይህን ስነግራቸው የሚያዝኑ አሉ። እኔ ግን ደግ ወሬ ነው እላለሁ፤ በሽታው ክብደት እንዳይቀንስ የዘጋው በር የለም ማለት ነውና።

በመጀመሪያ ግን ኪኒኑ በትክክል ሊወሰድ ይገባዋል። ሌቮታይሮክሲን ይባላል፤ አንዳንዶቻችሁ በኤልትሮክሲን ወይም በዩታይሮክስ ስም ታውቁታላችሁ። አስቸጋሪ መድኃኒት ነው፤ በባዶ ሆድ ካልሆነ አንጀት በደንብ አይቀበለውም። ጠዋት በውኃ ብቻ ተውጦ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ምንም አይበላም። የወሎ ሰው ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ቡናው! ኪኒኑን ውጠው ወዲያው አቦሉን የሚያስከትሉ እናቶች ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። ቡና መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይከለክላል። አንዲት እናት ይህን ስነግራቸው «ልጄ፣ ታዲያ ያለ ቡና እንዴት ዓይኔ ይገለጣል?» አሉኝ። ቡናው አልተከለከለም፤ ኪኒኑን ለሱብሒ ሲነሡ ውጠው ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ፈልቶ እስኪቀርብ ሰዓቱ ይሞላል። ወተት፣ ካልሲየም፣ የጨጓራ ማስታገሻና ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የደም ማነስ ኪኒንም ይህንኑ ያደርጋሉ፤ ካልሲየሙ፣ የጨጓራው መድኃኒትና የደም ማነሱ ኪኒን በ4 ሰዓት ይራቁ።

መጠኑ በማይክሮ ግራም ይለካል፤ 25፣ 50፣ 100 ተብሎ በካርቶኑ ላይ ተጽፏል። የፋብሪካው ስም ቢቀየርም ቁጥሩን አንብቡ። መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚረጋጋ መጠኑ ልክ መሆኑ የሚታወቀው ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ በሚደረግ ምርመራ ነው፤ በሁለት ሳምንት ለውጥ አላየሁም ብሎ ማቆም ልክ አይደለም። ተሽሎኛል ብሎ ማቆምም እንዲሁ፤ የተሻለዎት ስለሚወስዱት ነው።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን ቶሎ ለመክሳት መጠኑን በራሳቸው የሚያበዙት ናቸው። ለሠርግ የደረሰች ልጅ ከእናቷ ካርቶን ላይ እያነሣች እንደምትውጥ ሰምቻለሁ። ይህ መድኃኒት የመክሳት መድኃኒት አይደለም። በአሜሪካ ማሸጊያው ላይ ለውፍረት እንዳይሰጥ ከባድ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል። ሲበዛ ልብ ሥርዓቱን አጥቶ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ አጥንት ይሳሳል። የሚቀንሰውም ስብ ብቻ ሳይሆን ጡንቻ ጭምር ነው።

ረመዳን ሲቃረብ የሚነሣው ጥያቄ «እንዴት አድርጌ ልዋጠው?» የሚል ነው። ኪኒኑ በቀን አንዴ ብቻ ስለሆነ፣ በሽታው በመድኃኒት የተረጋጋለት ሰው ብዙውን ጊዜ ለመጾም አይቸገርም። ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው በውኃ አፍጥሮ ኪኒኑን አብሮ መዋጥና ምግቡን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ማዘግየት ነው፤ መግሪብ መስገዱ ከዚህ የተወሰነውን ይሸፍናል። ሁለተኛው ከተራዊሕ በኋላ፣ የመጨረሻው ምግብ 3 ሰዓት ሲሞላው፣ ሊተኙ ሲሉ መዋጥ ነው። ሦስተኛው ለሱሑር ቀደም ብሎ ተነሥቶ ውጦ፣ ከግማሽ ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ቆይቶ መብላት ነው። ለእኔ ሁለተኛው ይበልጥብኛል፤ ግን በኢፍጣርና በመኝታ መካከል አፉ የማያርፍ ቤት ከሆነ አይሆንም። አንዱን መርጣችሁ ወሩን ሙሉ በእሱ ጽኑ። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ የልብ ሕመም ያለባት ወይም ገና ሕክምና የጀመረች እህት ጾሙ ሳይገባ ሐኪሟን ታማክር፤ የሸሪዓውን ብይን ደግሞ ከዑለሞች ትጠይቅ።

አንድ ሌላም አለ። ከውጭ ያሉ ዘመዶች «ተፈጥሯዊ» ብለው የሚልኩት አርመር ታይሮይድ የሚባል ኪኒን ከደረቀ የአሳማ ታይሮይድ የሚሠራ ነው። በ1891 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ሐኪም መሪ ይህን ሕክምና ሲጀምር የተጠቀመው በበግ ዕጢ ነበር፤ በኋላ ግን ወደ አሳማ ተዞረ። በእኛ መድኃኒት ቤቶች የሚሸጠው የሌቮታይሮክሲን ሆርሞን በቤተ ሙከራ የሚሠራ ስለሆነ ከእንስሳ አይወጣም።

ኪኒኑ ከተስተካከለ ቀሪው ምግብና እንቅስቃሴ ነው። ጎመን አትብሉ የሚሉ አሉ፤ አዮዲን ያለው ጨው በሚበላ ቤት በልኩ የበሰለ ጎመን ጉዳት የለውም። የገብስ እንጀራ፣ ባቄላ፣ ምስርና ሽሮ የሚያጠግቡ፣ የሆድ ድርቀትንም የሚያለዝቡ ናቸው። እኔ የምጠረጥረው ስኳሩንና ዘይቱን ነው። በአንድ ስኒ ሻይ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ በቀን 5 ስኒ ብትጠጡ 60 ግራም ስኳር፣ ማለትም 240 ካሎሪ ገደማ ነው። ይህ በወር ሲደመር አንድ ኪሎ ስብ ለመሙላት ትንሽ ነው የሚቀረው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይትም 120 ካሎሪ ነው። ረመዳን ወር ሙሉ ጾመው በዒድ ጨምረው የሚገኙት በሳምቡሳውና በጣፋጩ ምክንያት ነው። ቆሎም ቢሆን እህል ነው፤ እፍኝ እንጂ ሰፌድ አይሁን። ጫት ምግብ ስለሚዘጋ ያከሳል የሚሉም አሉ፤ ነገር ግን አብሮት የሚጠጣው ለስላሳና ስኳር ይመልሰዋል፤ ድርቀቱንም ያብሳል።

ድካም ባለበት ሰውነት ላይ ከባድ ስፖርት አይጫንም። ገጠር ያሉት እህቶቻችን ውኃና እንጨት ሲያመላልሱ ይውላሉ። ምክሬ ሱቅና መጋገሪያ ላይ ተቀምጠው ለሚውሉት ነው፤ ከዐስር በኋላ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ጀምሩ፤ ጉልበቱ ሲመለስ ጨምሩ። በሳምንት ግማሽ ኪሎ መቀነስ መልካም ነው።

ኪኒኑን የምትወስዱ እህቶች ማርገዛችሁን እንዳወቃችሁ በዚያው ሳምንት ለሐኪም ንገሩ፤ የሚያስፈልጋችሁ መጠን ብዙውን ጊዜ ይጨምራል፤ የሕፃኑ አንጎልም በመጀመሪያዎቹ ወራት የእናቱን ሆርሞን ይጠብቃል። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወሎን ባዳረሰ ጊዜ መንገድ ተዘግቶ ብዙ ሕሙማን መድኃኒታቸው ተቋርጦባቸዋል። ይህ ሆርሞን በሰውነት ውስጥ ለግማሽ መጠኑ እንኳ 7 ቀን ያህል ስለሚቆይ አንድ ሁለት ቀን ቢያልፍ አትደንግጡ፤ ለሳምንታት ሲቋረጥ ግን ድካሙና ብርዱ ይመለሳል። አቅም ከፈቀደ የአንድ ወር መጠባበቂያ ከሙቀትና ከእርጥበት ራቅ አድርጋችሁ፣ በራሱ ካርቶን፣ ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡ።