ሁለት ሰጥቶ አንድ መቀበል

ገበያ ወርዶ ሁለት ያረሱ በሬዎች ሰጥቶ አንድ ወይፈን እየነዳ የተመለሰ ገበሬ ቢኖር ጎረቤቱ ይስቅበታል። ወይፈኑ ቀንበር ይልመድ አይልመድ ማን ያውቃል?

ሐዋሳ ከተማ የመጣ ሰው ወጣቶች ኳስ እያነጠሩ ከፍ ብሎ በተሰቀለ የብረት ቀለበት ውስጥ ሲከቱ አይቶ ይሆናል። ይህ ቅርጫት ኳስ ነው። በአንድ ወገን አምስት ሰው ይጫወታል። በአሜሪካ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ነው። እዚያ ቡድኖች ተጫዋች በተጫዋች ይለዋወጣሉ።

ሰው እንደ ከብት ይለወጣል ወይ ትሉ ይሆናል። የሚለወጠው ውሉ ነው። ግን ብዙ ጊዜ ተጫዋቹን «ትሄዳለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። ይህ ለእኛ ደስ አይለንም።

በ1948 ዓ.ም. የሆነውን እንንገራችሁ። የቦስተን ከተማ ቡድን አሠልጣኝ ሬድ ኦወርባክ ቢል ራስል የሚባል ጥቁር ወጣት ፈለገ። ራስል ገና ከኮሌጅ መውጣቱ ነው። ቁመቱ ከሁለት ሜትር በላይ ነው፤ የባላጋራን ኳስ ከአየር ላይ ይመልሳል። ነገር ግን በዚያ አገር ከኮሌጅ የሚወጡትን ወጣቶች ቡድኖች የሚመርጡት በተራ ነው። የሁለተኛነት ተራው የሴንት ሉዊስ ቡድን ነበር።

ቦስተን ተራውን ለማግኘት ኤድ ማኮሊን ልስጣችሁ አለ። ማኮሊ የቦስተን ዋና ተጫዋች ነበር። ሴንት ሉዊስ ግን አንድ አይበቃንም፣ ክሊፍ ሄገንንም ጨምሩ አለ። ሄገን ከወታደርነት ገና መመለሱ ነበር።

የቦስተኑ ባለቤት ማኮሊን መስጠት ከብዶት ነበር። ልሂድ ያለው ማኮሊ ራሱ ነው። ትንሹ ልጁ በማጅራት ገትር ታሞ ነበር። ሴንት ሉዊስ ደግሞ የትውልድ ከተማው ነው። አባት ነውና ከልጁ አጠገብ መሆን ፈለገ። ልውውጡም ተፈጸመ።

ከዚያ በኋላ ራስል 13 ዓመት ለቦስተን ተጫወተ። ቦስተን በእነዚህ ዓመታት 11 ጊዜ ዋንጫ በላ! ወይፈኑ ሞፈር ቀንበሩን ይዞ ሄደ ማለት ነው።

ሴንት ሉዊስ ሞኝ ነበር የሚሉ አሉ። እኛ እንዲህ አንልም። በ1950 ዓ.ም. ማኮሊና ሄገን ያሉበት ሴንት ሉዊስ ያንኑ ቦስተንን አሸንፎ ዋንጫውን ወስዷል። እርግጥ ነው፣ ራስል ያን ጊዜ ቁርጭምጭሚቱን ተጎድቶ ነበር።

በ1988 ዓ.ም. ደግሞ የሻርሎት ቡድን የ17 ዓመቱን ኮቢ ብራያንትን ለሎስ አንጀለስ ሰጥቶ ቭላዲ ዲቫችን ወሰደ። ዲቫች ከምሄድ ጨዋታውን ብተው ይሻለኛል ብሎ ነበር። በኋላ እሺ አለና ሻርሎት ሁለት ዓመት ተጫወተ። ብራያንት ሎስ አንጀለስ 20 ዓመት ቆይቶ አምስት ዋንጫ አገኘ።

ማኮሊስ? በ2004 ዓ.ም. ያረፈው እዚያው ሴንት ሉዊስ ነው።