ፕሮጀክቱ አለ፤ ሠርጉ ግን የለም

«ኢምፖርት አድርጌዋለሁ፤ ሚሞሪውን ፎርማት አድርገህ ሂድ።» ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም መያዣ ባሉት ሳምንታት ከሳንጃ እስከ ጎንደር ባሉ ቪዲዮ ቤቶች ይህ ቃል ሲነገር ይውላል። ወቅቱ የሠርግ ነው። የእሑዱ ቀረጻ ገና ሳይነካ መልሱ ይደርሳል፤ ሐሙስ ደግሞ ሌላ ሙሽራ አለ። ሚሞሪው ሁለት ነው፣ ቢበዛ ሦስት። ቀራጩ ካሜራውን አንግቶ በር ላይ ቆሟል። ኤዲተሩ ፕሪሚየር የተባለውን የኤዲቲንግ ሶፍትዌር ከፍቶ የክሊፖቹን ትንንሽ ምስሎች ተደርድረው ያያል፤ ሲነካቸው ይጫወታሉ፣ ድምፃቸውም ይሰማል። «ገብቷል» ይላል። ሚሞሪው ይጠረግና ሌላ ሠርግ ይቀረጽበታል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፕሮጀክቱ ሲከፈት ግን ስክሪኑ ቀልቶ፣ በብዙ ቋንቋ «ሚዲያ ኦፍላይን» የሚል ጽሑፍ ይደረደርበታል።

ታች አርማጭሆ ውስጥ ይህ የደረሰበት ቤተሰብ አውቃለሁ። ሙሽሮቹ የአያታቸውን ጉልበት ስመው ሲመረቁ ተቀርጾ ነበር። ሽማግሌው ፋሲካን ሳያዩ አረፉ። ቤተሰቡ «ሌላው ይቆይ፣ ምርቃቷን ብቻ ለይታችሁ ስጡን» ብሎ ሲሄድ ያገኘው መልስ «አታስቡ፣ ፕሮጀክቱ አለ» የሚል ነበር። እውነትም ነበረ። ምርቃቱ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ፣ የትኛው ሙዚቃ እንደሚገባበት ሳይቀር ታይምላይኑ ላይ ተሠርቶ ተቀምጧል። የሌለው ምስሉና ድምፁ ነው።

ተረቱ እንግዲህ ይህ ነው፦ ቪዲዮ ወደ ኤዲቲንግ ሶፍትዌር ኢምፖርት ከተደረገ ፕሮጀክቱ ውስጥ ተቀምጧል፤ ምንጩ ቢጠፋም ችግር የለም።

እውነታው ተቃራኒው ነው። ፕሪሚየርም ሆነ ዳቪንቺ ሪዞልቭ እንደ ነባሪ አሠራራቸው ኢምፖርት ሲያደርጉ ቪዲዮውን አይገለብጡትም፤ የት እንዳለ ብቻ ይመዘግባሉ። ፕሮጀክት የሠርግ ጥሪ ዝርዝር ነው። እነ እገሌ በዚህ ቀበሌ፣ በዚህ ሰፈር ይገኛሉ ይላል እንጂ እነ እገሌ ወረቀቱ ውስጥ አልተቀመጡም። ያላመነ ሰው በሒሳብ ያረጋግጥ። በሴኮንድ 50 ሜጋ ቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 22.5 ጊጋ ባይት ይሞላል። ሁለት ካሜራ አራት አራት ሰዓት ቢቀርጽ 180 ጊጋ ባይት ማለት ነው። አሁን የፕሮጀክቱን ፋይል ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ መጠኑን እዩት፤ ጥቂት ሜጋ ባይት ነው፣ ብዙ ጊዜ ከዚያም ያነሰ። ያ ሁሉ ጭፈራ እዚህች ውስጥ በምን ተአምር ይገባል?

የሳንጃ ቀራጭ ጎንደር ላለ ኤዲተር «ሥራውን ላክሁልህ» ብሎ የፕሮጀክቱን ፋይል ብቻ በቴሌግራም የሚልክበትም ምክንያት ይኸው ተረት ነው። ፋይሉ በሴኮንዶች ውስጥ መድረሱ ራሱ ሊያስጠረጥር ይገባ ነበር። ሥራ ከነቀረጻው ወደ ሌላ ሰው እንዲሄድ ሲፈለግ ፕሪሚየር «ፕሮጀክት ማናጀር» የሚባል ነገር አለው፤ ፕሮጀክቱ የተጠቀመባቸውን ፋይሎች ሁሉ ሰብስቦ አንድ ቦታ ይገለብጣቸዋል። ሪዞልቭም ፕሮጀክቱን ከነሚዲያው አርካይቭ አድርጎ ያወጣል። ያንን ሀርድ ዲስክ ላይ ጭኖ በትክል ድንጋይ በኩል ለሚያልፍ ሹፌር አደራ መስጠት ነው።

ለተረቱ ግን ፍርድ እንስጠው፤ ከባዶ የመጣ አይደለም። የዛሬዎቹን ወጣቶች ያስተማሩት ሰዎች በሚኒ ዲቪ ካሴት የጀመሩ ናቸው። በካሴት ዘመን «ካፕቸር» ማድረግ በርግጥም ቪዲዮውን ወደ ኮምፒውተሩ መገልበጥ ነበር። የአንድ ሰዓት ካሴት 13 ጊጋ ባይት ገደማ ሆኖ ዲስኩ ላይ ይቀመጣል፤ ካሴቱም ስም ተጽፎበት መደርደሪያ ላይ ይደረደራል። ስለዚህ ማንም ሳያስብበት ሁለት ቅጂ ይኖር ነበር። ሚሞሪ ካርድ ሲመጣ ካፕቸር ቀረ፣ በቦታው ኢምፖርት ገባ፤ መደርደሪያ ላይ የሚቀረው ካሴትም አብሮ ቀረ። አሠራሩ ሲለወጥ ልማዱ አልተለወጠም። በዚያ ላይ እንደ አይሙቪ ያሉ ፕሮግራሞች ሲያስገቡ በእርግጥ ይገለብጣሉ። ፋይናል ከት ፕሮም «ወደ ላይብረሪው ገልብጠው» ወይም «ባለበት ተወው» የሚል ምርጫ ይሰጣል። ፕሪሚየር ራሱ «ኢንጀስት» የሚለው ምልክት ከተደረገበትና «ኮፒ» ከተመረጠ ይገለብጣል። በማክ የጀመረ ሰው ወደ ፕሪሚየር ሲሻገር ያንኑ ቢጠብቅ አይፈረድበትም።

የሚፈረድባቸው ሌሎች ናቸው። «በሁለት ሳምንት ኤዲተር እናደርጋለን» እያሉ የሚያስተምሩት ኢምፖርትን በግማሽ ደቂቃ አልፈው ቀሪውን ጊዜ ለትራንዚሽንና ለቀለም ይሰጡታል። ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ «የኤዲተሮች ምስጢር» የሚሉትም እንዲሁ። የልብ ቅርጽ ይዞ የሚከፈት ትራንዚሽን ባይኖር የሞተ ሙሽራ የለም። ፋይሉ የት እንዳለ አለማወቅ ግን የሰው ሠርግ ያጠፋል፤ ይህን ሳያስተምሩ የምስክር ወረቀት መስጠት ድፍረት ነው።

አንድ ማጽናኛ አለ። ቀዩ ስክሪን ለሁለት የተለያዩ ነገሮች ይወጣል፦ ፋይሉ ሲጠፋና መንገዱ ሲጠፋ። ሀርድ ዲስኩ ትናንት «ኢ» ተብሎ ተሰክቶ ዛሬ ዊንዶውስ «ኤፍ» ካለው፣ አንድ ሰው ፎልደሩን ከዴስክቶፕ ካነሣው፣ ወይም የፋይሉን ስም ዲስኩ ላይ ከለወጠው፣ ፕሮጀክቱ በድሮው አድራሻ ሄዶ ያጣዋል። ቪዲዮው ግን በሰላም አለ። «ሎኬት» ብሎ አንዱን ክሊፕ ማሳየት ነው፤ አንድ ፎልደር ውስጥ ያሉትን ሌሎቹን ፕሪሚየር ራሱ ተከታትሎ ያገኛቸዋል። ስለዚህ ቀዩን ሲያዩ ደንግጦ ፕሮጀክቱን አጥፍቶ ከዜሮ መጀመር አያስፈልግም። መጀመሪያ ፋይሉ ይፈለግ።

ይህ የገባው ሰው ቢን ምን እንደሆነም ይገባዋል። ፕሮጀክቱ ውስጥ «መልስ»፣ «ቅልቅል»፣ «ጭፈራ» ብላችሁ የከፈታችኋቸው ቢኖች ዲስኩ ላይ የሉም። እዚያ ስታሰናዱ የተሰናዳው ዝርዝሩ ነው፤ ፋይሎቹ በተጣሉበት እንደተጣሉ ናቸው፣ ግማሹ ዳውንሎድ ውስጥ፣ ግማሹ ዴስክቶፕ ላይ፣ ሙዚቃው ፍላሽ ላይ። ፍላሹ የሰው ነበርና ሲመለስ የሙሽራዋ መግቢያ ዘፈን አብሮ ይሄዳል። በተቃራኒው ደግሞ ክሊፕ ከቢን ቢሰረዝ ዲስኩ ላይ ያለው ፋይል አይነካም፤ ይህን የሚፈሩ ሰዎች አላስፈላጊ ክሊፖችን ሁሉ ታቅፈው ይሠራሉ። አንድ የሚያስፈራ ቦታ ብቻ አለ። ፕሪሚየር «ሜክ ኦፍላይን» ሲባል ፋይሎቹ ዲስኩ ላይ ይቆዩ ወይስ ይጥፉ ብሎ ይጠይቃል። ሳያነቡ እሺ ማለት የለመደ እጅ እዚያ ጋ ይጠንቀቅ።

ሥርዓቱ እንግዲህ ከሶፍትዌሩ በፊት ይጀምራል። ለአንድ ሠርግ አንድ ፎልደር ዲስኩ ላይ ይከፈታል፤ በውስጡ ካሜራ አንድ፣ ካሜራ ሁለት፣ ድሮን፣ ድምፅ፣ ሙዚቃ፣ ፎቶ፣ ፕሮጀክት፣ ያለቀ እየተባለ ይከፈላል። ቀረጻው እዚያ ይገለበጣል፣ ኢምፖርት የሚደረገውም ከዚያ ነው እንጂ ከሚሞሪው አይደለም። የፎልደሩ ስም ከዓመተ ምሕረት ቢጀምር፣ ከዚያ ወር፣ ከዚያ ቀን፣ ኮምፒውተሩ በራሱ በጊዜ ቅደም ተከተል ይደረድረዋል። በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ ኤዲተሮች ይከራከራሉ። ካሜራው የሚመዘግበው በፈረንጅ ነው፤ ደንበኛው ግን የሚመጣው «የዛሬ ሦስት ዓመት ጥር ላይ» እያለ ነው። እኔ ወደ ደንበኛው አደላለሁ፣ በዚህ ግን ከማንም ጋር አልጣላም።

ሲገለበጥ ደግሞ ሌላ ተረት ይጠብቃል፦ ከካርዱ የሚያስፈልገው ቪዲዮው ብቻ ነው፣ ሌላው ፎልደር ቆሻሻ ነው። በኤቪሲኤችዲ የሚቀርጹ ካሜራዎች ረጅም ቀረጻን ከፋፍለው ነው የሚያስቀምጡት። ቁርጥራጮቹ እንዴት እንደሚገጣጠሙ የሚናገሩት እነዚያ «ቆሻሻ» የተባሉት ፎልደሮች ናቸው። ያለ እነሱ ሲገጠም መጋጠሚያው ላይ ድምፅ ሊቆረጥ ይችላል፤ የካህኑ ቡራኬ መሀል ላይ ከሆነ ደግሞ ጉድ ነው። ካርዱ እንዳለ ይገልበጥ፣ ቦታ የሚወስደው ቪዲዮው እንጂ ትንንሾቹ ፋይሎች አይደሉም። የሁለት ካሜራ ካርዶችን አንድ ፎልደር ውስጥ መዘርገፍ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። አንድ ዓይነት የሶኒ ካሜራዎች ሁለቱም የመጀመሪያ ክሊፓቸውን ሲ0001 ሊሉት ይችላሉ። ዊንዶውስ «ልተካው?» ብሎ ይጠይቃል፤ የቸኮለ ሰው «አዎ» ይላል፤ የሙሽራው ቤት ቀረጻ የሙሽሪትን ቤት ቀረጻ በልቶ ያርፋል። ለዚህ ነው ካሜራ አንድና ካሜራ ሁለት የተለያየ ፎልደር የሚያስፈልጋቸው።

«ችግር የለም፣ ሪከቨሪ ሶፍትዌር አለ» የሚሉም አሉ። ፈጣን ፎርማት ማውጫውን እንጂ ቪዲዮውን ወዲያው ስለማይፍቅ፣ ካርዱ ሌላ ነገር ካልተቀረጸበት ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ሌላ ሠርግ ከተቀረጸበት ግን በላዩ ላይ የተጻፈበትን የሚመልስ የለም፤ እመልሳለሁ ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ካለ ይዋሻል። በስሕተት የተጠረገ ካርድ ከካሜራው ወዲያው ወጥቶ ይቀመጥ። ትልልቆቹ ኤስዲ ካርዶች ጎናቸው ላይ ትንሽ መቆለፊያ አላቸው። ቀረጻ እንዳለቀ ወደ «ሎክ» ብትገፋ ካሜራው ካርዱን ፎርማት ማድረግ አይችልም። ሁለት ቅጂ ዲስክ ላይ መኖሩን በዐይኑ አይቶ፣ የፎልደሮቹን መጠን አስተያይቶ፣ አንድ ሰው ብቻ ይክፈታት። ይህች ዘዴ አንድ ሳንቲም አታስወጣም።

ካሽ (ሶፍትዌሩ ለፍጥነት የሚያዘጋጃቸውን ጊዜያዊ ፋይሎች) ማጥፋት ሥራ ያጠፋል የሚለው ተረትስ? አያጠፋም። ዲስክ ሲሞላ መጀመሪያ የሚጠረገው እሱ ነው፤ ፕሪሚየር መልሶ ይሠራዋል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ብቻ ይዘገያል።

ቴሌግራምና ክላውድ ላይ አለ የሚሉትን ብዙ አልሟገታቸውም። ቴሌግራም እንደ ቪዲዮ ሲላክበት ጥራቱን ይቀንሳል፤ እንደ ፋይል ከተላከ እንዳለ ያደርሳል፣ ግን ክፍያ ለማይከፍል ሰው የአንድ ፋይል ጣሪያ 2 ጊጋ ባይት ነው። ጎግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋ ባይት ነው፤ በጎግል ፎቶስ ያለ ገደብ ማስቀመጥ በፈረንጅ አቆጣጠር 2021 ሰኔ ላይ ቀርቷል። የ180 ጊጋ ባይት ሠርግ ለዚህ አይሆንም። ደግሞስ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ክላውድ ላይ ያለውን ማን አየው? ሁለተኛው ቅጂ ሌላ ሀርድ ዲስክ ላይ፣ ያም ሀርድ ዲስክ ሌላ ቤት ቢቀመጥ ይሻላል። ቪዲዮ ቤቱ ቢሰረቅ ሁለቱም አብረው እንዳይሄዱ።

«ያለቀው ቪዲዮ ካለ ጥሬው ምን ያደርጋል?» ለሚለው ግማሽ እስማማለሁ። ማንም ቪዲዮ ቤት የሁሉንም ሠርግ ጥሬ ቀረጻ ለዘላለም ሊያስቀምጥ አይችልም፤ አንድ ቴራ ባይት ዲስክ ከላይ ባልነው ሒሳብ አምስት ሠርግ ይዞ ይሞላል። ያለቀው ቪዲዮ ግን ሙዚቃው ከድምፁ ጋር ተዋህዷል፣ ጽሑፉ ምስሉ ላይ ታትሟል፣ የተቆረጠው ተጥሏል። ውጭ አገር ያለ ወንድም «የእኔ እናት የምትታይበትን አብዙልኝ» ቢል ከእሱ አይወጣም። ጥሬው እስከ መቼ እንደሚቆይ ቀብድ ሲከፈል ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ከዚያ በኋላ የሚፈልግ ቤተሰብ የራሱን ሀርድ ዲስክ ይዞ መጥቶ ያስገልብጥ።

ሳንጃ ላይ ደግሞ ቆላው ራሱ አለ። አብዛኞቹ ተንቀሳቃሽ ሀርድ ዲስኮች ሲሠሩ እንዲችሉ የተፈቀደላቸው ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ነው፤ የሳንጃን የመጋቢት ቀትር ለሚያውቅ ይህ ቁጥር ብዙ ይነግረዋል። ረጅም ኮፒ ማታ ቢደረግ ይመረጣል፣ ዲስኩም ላፕቶፑ ትኩስ አየር በሚተፋበት ጎን አይቀመጥ፣ ጨርቅም አይደረብበት። መብራት ሊሄድ ይችላልና «ከት» ሳይሆን «ኮፒ» ይባል፤ ኮፒ መሀል ላይ ቢቋረጥ ዋናው ቀረጻ ሚሞሪው ላይ እንዳለ ነው፣ እንደገና መጀመር ብቻ ነው።