«ሐሙስ ነይ»፦ በወረርሽኝ ጊዜ ሕፃናት ክትባት ለምን ያመልጣቸዋል?

ስለ ኮሮና ወረርሽኝ ሲወራ የሚነሣው የሞቱት ሰዎች፣ የተዘጋው ድንበርና የተቋረጠው ሥራ ነው። ኮሮና ሳይዛቸው የወረርሽኙ ሰለባ ስለሆኑት ሕፃናት ግን ብዙም አይነገርም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እንደገመቱት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 መደበኛ ክትባታቸውን ያላሟሉ ሕፃናት 23 ሚሊዮን ደረሱ፤ ከ2019 በ3.7 ሚሊዮን ይበልጣል። በ2021 ቁጥሩ ወደ 25 ሚሊዮን ወጣ። በዚያው ዓመት በኢትዮጵያ ብቻ 1.1 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት የመጀመሪያዋን የፔንታ ክትባት እንኳ አላገኙም።

ለምን? «ወላጆች ፈርተው ነዋ!» እንል ይሆናል። ፍርሃቱ እውነት ነው። እኔ ግን በሙያዬ መሐንዲስ እንጂ ሐኪም አይደለሁምና፣ አንድ ሥራ ሲቆም መጀመሪያ የምጠይቀው ሥራው በምን ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበረ ነው።

አንደኛው ብልቃጡ ነው። በአገራችን የኩፍኝ ክትባት የሚመጣው ለብዙ ልጆች በሚበቃ ብልቃጥ ነው። የደረቀው መድኃኒት በፈሳሽ ከተበጠበጠ በኋላ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። የሳንባ ነቀርሳውም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ነርሷ ለአንድ ልጅ ብላ ብልቃጥ መክፈት ትሳሳለች፤ እናቲቱን «ሐሙስ ነይ» ትላታለች፤ ሐሙስ ሌሎችም ይመጣሉና። በደህናው ጊዜ ይህ ብልህ ዘዴ ነው። ወረርሽኝ ሲመጣ ግን ሁለት ትእዛዞች ይጋጫሉ፤ ብልቃጡ «ተሰብሰቡ» ይላል፣ ሕጉ «አትሰብሰቡ» ይላል።

ሁለተኛው መንገዱ ነው። የአርባ አምስት ቀኑ ክትባት ብቻውን አይበቃም፤ የ10 ሳምንት፣ የ14 ሳምንት፣ የ9 ወርና የ15 ወር አለ። በኤፕሪል 2020 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ታክሲና አውቶቡስ የሚጭኑት ሰው ሲቀነስ፣ እነዚህ ጉዞዎች ሁሉ ከበዱ።

ሦስተኛውና ዋነኛው ግን ቀጠሮውን የሚያስታውሰው ማን ነው የሚለው ነው። እኔ በምኖርበት በስቶክሆልም፣ ሶደርማልም፣ ልጅ ሲወለድ ስሙ ስዊድኖች «ቤቬሴ» ወደሚሉት የሕፃናት ጤና መከታተያ ይተላለፋል። በ2020 ጸደይ የልጃችን ቀጠሮ ሲደርስ ነርሷ ራሷ ደውላ፣ «ጤነኛ የሆነ አንድ ወላጅ ብቻ ይዞት ይምጣ» አለችን። እዚህ መዝገቡ ልጁን ይፈልገዋል። በዚያ ዓመት የስዊድን የሕፃናት ክትባት ከ100 ወደ 97 አካባቢ እንደነበረ መቆየቱ አያስደንቅም።

በአገራችን ግን ቀጠሮውን በብዛት የምትሸከመው እናት ናት፤ መዝገቡም በእጇ ያለው ካርድ ነው። የቀረውን ልጅ ቤት ለቤት ሄደው የሚፈልጉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። ወረርሽኙ ሲመጣ ስለ ኮሮና ማስተማሩም በእነዚሁ ሴቶች ትከሻ ላይ ተጨመረ። እናቲቱ ስትቀር «የት ቀረሽ?» የሚላት አነሰ። ያልተከተበ ሕፃን ደግሞ አያለቅስም፣ አያተኩሰውም፤ ጉድለቱ አይታይም።

ኢትዮጵያ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። የተላለፈውን የኩፍኝ ዘመቻ በዚያው ዓመት ክረምት በወረርሽኙ መካከል አካሂዳ ከ14 ሚሊዮን በላይ ሕፃናትን አስከትባለች። ነገር ግን የኩፍኝ ዘመቻ ያመለጠውን ፔንታ ወይም ፖሊዮ አይተካም። በዚያ ላይ ጦርነቱና ድርቁ ተጨመሩ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታትም ኩፍኝ በብዙ ወረዳዎች ተነሣ። ኩፍኝን ለመግታት ከ100 ልጆች 95ቱ ሁለቱንም መርፌ መውሰድ አለባቸውና፣ ትንሽ የምትመስል ጉድለት በር ትከፍትለታለች።

እንግዲህ እኛ በስደት ያለነው ምን እናድርግ? ወደ ቤተሰብ ስንደውል ስለ ገንዘቡ እንጠይቃለን፣ ስለ ጤና በጥቅሉ እንጠይቃለን። በበኩሌ አንድ ጥያቄ እንድንጨምር እመክራለሁ፦ «እስቲ የልጁን የክትባት ካርድ አንብቢልኝ።» ባዶ መስመር ከተገኘ እናቲቱ አትሸማቀቅ፤ ያቋረጠ ልጅ ከመጀመሪያው አይጀምርም፣ ካቆመበት ይቀጥላል። የታክሲውን መላክ ደግሞ የእኛ ድርሻ ይሁን።